የጥብስ ቅጠል ዘይት፤ ጥቅሙና ጥንቃቄው

በዓለም ከተማ የበዓል ሥጋ በሚጠበስበት ቀን፥ ከመጥበሻው የሚነሣው መዓዛ ለጎረቤት ሁሉ ይደርሳል። ይህን መዓዛ የሚሰጠው ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፥ ከላይ አረንጓዴ፥ ከታች ነጣ ያለ ተክል ነው። ሕዝቡ የጥብስ ቅጠል ይለዋል፤ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ሮዝሜሪ ይባላል። የጥንት አገሩ የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ነው። ድርቀትን የሚችል ስለ ሆነ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በየጓሮው ይተከላል።

ተማሪ አንድ ቅጠል በጣቱ ቢያሸው ጣቱ ወዲያው ይሸታል። መዓዛው የሚመጣው በቅጠሉ ላይ ባሉ እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶች ከተቋጠረው ዘይት ነው። ይህ ዘይት እንደ ኑግ ዘይት አይደለም። የኑግ ዘይት በወረቀት ላይ ቢንጠባጠብ ምልክቱ ይቀራል፤ የጥብስ ቅጠል ዘይት ግን ቀስ በቀስ ተንኖ ይጠፋል። ስለዚህም ተናኝ ዘይት ይባላል።

ዘይቱ የሚወጣበት መንገድ አረቄ የሚወጣበትን መንገድ ይመስላል። የፈላ ውሃ እንፋሎት በቅጠሉ መካከል እንዲያልፍ ይደረጋል። እንፋሎቱ ዘይቱን ይዞ በቱቦ ይሄዳል፤ ቱቦው ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ዘይቱም ከውሃ ስለሚቀል በላዩ ይንሳፈፋል። ከ100 ኪሎ የደረቀ ቅጠል ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ዘይት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ብቻ ነው። በአገራችንም የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ይህንንና ሌሎችን መዓዛማ ተክሎች ያጠናል።

ከዚህ ቍጥር ታላቅ ትምህርት ይገኛል። ለአንድ መጥበሻ አንድ ቅርንጫፍ ይበቃል፤ በጠርሙስ ያለው ጥቂት ዘይት ግን የብዙ ቅርንጫፍ ኀይል የተከማቸበት ነው። እንግዲህ «ቅጠሉ ከተበላ ዘይቱም ይጠጣል» ብሎ ማሰብ ለሕይወት የሚያሰጋ ስሕተት ነው።

በመዓዛ መታከም ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ምች የመታው ሰው ዳማ ከሴ አሽቶ ያሸታል። በአውሮፓም ረኔ ሞሪስ ጋትፎሴ የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1937 ዓ.ም. ስለዚህ ሙያ መጽሐፍ አሳትሞ «አሮማቴራፒ» ብሎ ሰየመው። የጥብስ ቅጠል ዘይት ድካምን ያቃልላል፥ ሐሳብን ያነቃል ሲሉ በጨርቅ ላይ አንድ ጠብታ አድርገው የሚያሸቱት አሉ። በሌላ ዘይት አቅጥነው የደከመ ጡንቻ የሚያሹበትም አሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. በወጣ የኢራን ጥናት፥ ፀጉራቸው የሳሳ ሰዎች ዘይቱን 6 ወር ተቀብተው፥ ውጤቱ ሚኖክሲዲል ከሚባለው መድኃኒት ጋር ተቀራርቦ ተገኝቷል። ዳሩ ግን የተመረመሩት ሰዎች 100 ብቻ ስለ ነበሩ፥ ነገሩ ገና የተረጋገጠ አይደለም። ይህ ዘይት ወባን ወይም የሳንባ ምችን አያድንም፤ ሐኪም ያዘዘውንም መድኃኒት አይተካም።

በዘይቱ ውስጥ ካምፎርና ሲኒዮል የሚባሉ ነገሮች ይገኛሉ። ካምፎር በብዛት ወደ ሆድ ሲገባ ሰውነትን ያንዘፈዝፋል፤ ሲኒዮል ደግሞ በሕፃን ፊት አጠገብ ሲሆን ትንፋሽን ሊያስቸግር ይችላል። ስለዚህ የሚከተለው ይጠበቅ።

፩ኛ፤ ዘይቱ ፈጽሞ አይጠጣ።

፪ኛ፤ ሳይቀጥን ቆዳን አይንካ። ለአዋቂ ሰው በ1 የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት ውስጥ 1 ጠብታ ይበቃል። አስቀድሞም በክንድ ላይ በጥቂቱ ተቀብቶ 24 ሰዓት ይጠበቅ፤ ቢያሳክክ ወይም ቢቀላ ይተው።

፫ኛ፤ ነፍሰ ጡር ሴትና የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቁ አይጠቀሙበት፤ በሕፃናት ፊትና አፍንጫ ላይም አይደረግ።

፬ኛ፤ ዘይቱ በእሳት ስለሚያያዝ ከምድጃና ከኩራዝ ይራቅ። ጠርሙሱም በጥብቅ ተከድኖ የሕፃን እጅ ከማይደርስበት ከፍታ ይቀመጥ።

ሕፃን ዘይቱን የጠጣ እንደ ሆነ፥ እንዲያስመልሰው ጣት በጉሮሮው ማግባት አይገባም፤ ዘይቱ ወደ ሳንባው ገብቶ የባሰ ጉዳት ያደርሳልና። ቢንዘፈዘፍ በጎኑ ይተኛ። ጠርሙሱ ተይዞ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ዘይቱ ዓይን ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ከጀማ ሸለቆ ተነሥቶ እስከ ዓለም ከተማ ያለው ዳገት ረጅም ነው፤ የታመመ ልጅ አዝሎ እርሱን ከመውጣት ጠርሙሱን አስቀድሞ መሰወር ይሻላል።

ቅጠሉ የወጥ ቤት ወዳጅ ነው፤ ዘይቱ ግን በመጠን ሲያዝ ይጠቅማል፥ መጠኑን ሲያልፍ ይጐዳል። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ተማሪ ለእናቱም ለታናናሾቹም ጠባቂ ይሆናል።

ጥያቄ

፩፤ የጥብስ ቅጠል ዘይት ከኑግ ዘይት በምን ይለያል?
፪፤ ቅጠሉ ሲበላ ዘይቱ የማይጠጣው ስለ ምንድን ነው?
፫፤ ዘይቱን የጠጣ ሕፃን እንዲያስመልሰው የማይደረገው ለምንድን ነው?