የቅዳሜ እንግዳ በራጉኤል ሰፈር

«ለተከበሩ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ፤ እናታችን ስታርፍ አዝዬ ያሳደግሁት ታናሽ ወንድሜ መርካቶ ራጉኤል አጠገብ ሱቅ አለው፤ የሚኖረውም እዚያው ሰፈር ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቅቤና በሶ ይዤ ከደብረ ብርሃን ማልጄ ሄድሁ። እርሱ ግን አቅፎ ከሳመኝ በኋላ ዱካ ላይ አስቀምጦኝ እስኪመሽ ከገበያተኛ ጋር ሲከራከር ዋለ፤ ጎረቤቶቼ ያዘዙኝን ነጠላና መጋረጃ እንኳ በሱቁ ልጅ ነው ያስገዛልኝ። ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት፤ እኔን አልጋ ላይ አስተኝተው እነርሱ ከልጆቻቸው ጋር መሬት ተኙ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልመለስ ስል ‹እትዬ፣ ምነው ቸኮልሽ?› ማለቱ አሳረረኝ። ወንድሜን ገንዘብ ወሰደብኝ ወይ? ዳግመኛ ላልሄድ ቆርጫለሁ። ቅር ያላት እኅት።»

ወይዘሮ ሆይ፤

እናት ሳይሆኑ የእናትነትን ሸክም የተሸከሙ እኅቶች በአገራችን ስንት እንደ ሆኑ፣ ድካማቸውም በማንም መዝገብ እንዳልሰፈረ የሚያውቅ ሰው ቅሬታዎን አቃልሎ ሊያየው አይገባውም። ነገር ግን የከሰሱት ወንድምዎን ይሁን እንጂ፣ ነገሩን መርምሬ ጥፋተኛ ሆና ያገኘኋት ቅዳሜ ናት።

እርስዎ የተነሡት ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከተማ ነው፤ እኒያ ንጉሥ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቀዳሚት ሰንበት እንደ እሑድ ሁሉ ትከበር ዘንድ አስወስነዋል። መርካቶ ግን የዚያ ጉባኤ መልእክት የደረሰው አይመስልም። ጣልያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ካዛወረው ወዲህ፣ የራጉኤል ደወልና የአንዋር መስጊድ አዛን ጎን ለጎን በሚሰሙበት በዚያ ሰፈር፣ ቅዳሜ የሳምንቱ ገቢ የሚጠራቀምባት፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ነጋዴ ጭነቱን አሰናድቶ ለመመለስ የሚጣደፍባት፣ ለደንበኛው ጀርባውን የሰጠ ባለሱቅም ደንበኛውን በገዛ እጁ ለጎረቤቱ የሚያስረክብባት ዕለት ናት። የሱቁ ኪራይ፣ ግብሩ፣ የልጆቹም ቀለብ የሚወጣው አብዛኛውን ከዚያች ዕለት ነውና፣ ለዚያ ሲሯሯጥ ያዩትን ሰው ፍቅረ ንዋይ ይዞታል ብሎ መፍረድ ለኅሊና የሚከብድ ይመስለኛል። አንድ ነገር ደግሞ በድፍረት ልጨምር፦ ዘመድ ልጠይቅ ብሎ የጎረቤት ማዘዣ ይዞ የሄደ ሰው፣ ግማሽ ልቡን በነጠላ ጥለት ላይ ትቶ ወንድሙን በግማሽ ልብ ተቀበለኝ ብሎ መክሰስ አይቻለውም።

ይሁንና በደብዳቤዎ ከተጻፈው ይልቅ ያልተጻፈው አስደንቆኛል። «እነርሱ መሬት ተኙ» ብለው በአንድ ቃል ያለፏቸው ሰዎች ውስጥ የወንድምዎ ሚስት አለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ደክማ የምታርፍበትን አልጋ ለእርስዎ ለቃ፣ ልጆቿን ታቅፋ በወለሉ ላይ ያደረችው እርሷ ናት፤ ስሟ ግን በደብዳቤው አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም። አብርሃም ከድንኳኑ ደጃፍ ሮጦ እንግዶቹን እንደ ተቀበለ ሁላችንም እንናገራለን፤ ዱቄቱን ለውሳ እንጎቻውን የጋገረችው ግን ሣራ ነበረች። በአንዲት ክፍል ቤት ውስጥ አልጋ መልቀቅ፣ ብዙ መኝታ ባለው ግቢ ሰንጋ ከመጣል ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ወንድምዎ ቢረሳዎት ኖሮ ያ አልጋ አይለቀቅልዎትም ነበር፤ «ምነው ቸኮልሽ» ማለቱም ሱቁ ተዘግቶ፣ ከእርስዎ ጋር ሊቀመጥ ገና እፎይ ባለበት ሰዓት ተነሥተው ስለ ሄዱበት ነው።

ስለዚህ መቅረቱን ይተዉት፤ የሚሄዱበትን ሰዓት ግን ይለውጡ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ተነሥተው፣ ገበያው ሲበተን ይድረሱ። ላምበረት መናኸሪያ ሲወርዱም ራጉኤል ብቻ ብለው እንዳይጠይቁ፤ የእንጦጦው ራጉኤልም አለና መርካቶ ራጉኤል ይበሉ። እሑድ አብራችሁ አስቀድሳችሁ፣ ቡናውን እስከ ሦስተኛው ጠጥታችሁ፣ ሥራዎ የሚፈቅድልዎ ከሆነ ያንን ሌሊት አድረው ሰኞ ማለዳ ይመለሱ። ሁለት ቀን የሚያንስዎ ከሆነም እንቁጣጣሽን ይጠብቁ፤ መስከረም 1 ቀን የቅዱስ ራጉኤል ዓመታዊ በዓል ነው፤ በዚያን ዕለት ወንድምዎ ሱቅ ሳይሆን ቤት ይገኛል። የጎረቤት ማዘዣ ግን የአንድም ሰው አይቀበሉ።

እስከዚያው ድረስ ዛሬ ማታ ስልክ ይደውሉ፤ ወንድምዎ ሲያነሣ ለሚስቱ እንዲያቀብላት ይንገሩት፤ ስለ አልጋውም አስቀድመው እርሷን በስሟ ጠርተው ያመስግኑ።