የተደፋ ጣሳ፦ የስካር ምልክትና የቧልት ቆብ በጉለሌ

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ፣ በሽሮ ሜዳ ዙሪያ ባሉ የጉለሌ መንደሮች፣ ጠላ ቤት በጽሑፍ ማስታወቂያ ሳይሆን በጣሳ ይታወቃል። በደጁ በቆመ እንጨት ጫፍ ላይ ባዶ ጣሳ ወይም ኩባያ ይደፋል፤ መንገደኛውም ጠላ መኖሩን ያውቃል። ልብ ብሎ ለሚያይ፣ እንጨቱ ያለ መጠኑ የተሰፋ ቆብ ያጠለቀ ሰው ይመስላል።

ይህ መመሳሰል በግሱም ውስጥ አለ። ንጉሥ ዘውድ ይደፋል፤ ሽማግሌ ባርኔጣ ይደፋል፤ እጁ የተንቀጠቀጠ ጠጪ ጠላውን ይደፋል፤ ባዶ ዕቃም አፉ ወደ ታች ይደፋል። በቧልት መድረክ ላይ አንድ ሰካራም የጠጣበትን ጣሳ ራሱ ላይ ቢያደርግ፣ ተመልካቹ መጨረሱን፣ ማፍሰሱንና መንገሡን በአንድ ድርጊት ያነባል። ማብራሪያ የሚሻ ቀልድ አይደለም።

ሰካራምን በራሱ ላይ ባለው ነገር መለየት ጥንታዊ ነው። በፕላቶ «ሲምፖዚየም» አልኪቢያደስ ሰክሮ ወደ ግብዣው የሚገባው የሐረግና የአበባ አክሊል ደፍቶ፣ ጥብጣብ አንጠልጥሎ ነው። የአሜሪካ ቧልት ደግሞ የመብራት ሽፋንን መርጧል፤ ግብዣው የሚደረግበት ሳሎን ያንን ዕቃ ስለሚያቀርብ ነው። ይኸው ሽፋን ወደ ጠላ ቤት አግዳሚ ቢመጣ ግን እንግዳ ዕቃ ከመሆን አያልፍም፤ ሳቁም ከስካሩ ይልቅ በዕቃው ላይ ያርፋል።

ሚኻይል ባኽቲን በቆብ ፈንታ ሳህን መድፋትን ከካርኒቫል የመገልበጥ ሥርዓት ይመድበዋል። ሐሳቡ ለጣሳው ይስማማል፤ ለጉለሌ ግን ብቻውን አይበቃም። ሽሮ ሜዳ የሸማኔና የሐበሻ ልብስ ገበያ መንደር ነው፤ እዚያ የሚሸጠው ነጠላም የሚገለበጥበት ጊዜ አለው። ኀዘንተኛ ነጠላውን ዘቅዝቆ ይለብሳል፤ ጥለቱ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ በአንድ መንደር የተገለበጠ ጣሳ ጠላ አለ ሲል፣ የተገለበጠ ነጠላ ሰው ሞቷል ይላል። ልዩነቱ የሚመጣው ከመገልበጡ ሳይሆን ከሚገለበጠው ነገር ነው።

የአልባሳት አዘጋጅ ለሰካራም ገጸ ባሕርይ ያገኘውን ነጠላ በዘፈቀደ ጠምጥሞ ጥለቱን ወደ አንገት ቢያወጣው፣ በቅርቡ ከለቅሶ የተመለሰ ተመልካች የሚያየው ሰካራም ሳይሆን ለቀስተኛ ነው። ከጣሳው ጋር ግን እንዲህ ያለ አደጋ የለም፤ ባዶ ጣሳ የማንንም ኀዘን አልለበሰም።