ፀሐይ ያቃጠለው ፊት ሲላጥ፦ ሕክምናውና የውዱእ ነገር



ለመስክ ሥራ ወደ መንዝና ግሼ ደጋ ወጥተን ስንመለስ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግንባራችን፣ አፍንጫችንና ጉንጫችን መላጥ ይጀምራል። ብዙዎቻችን «ብርዱ ነው የላጠኝ» እንላለን። ከዚያ አንዱ ቅርፊቱን በጥፍሩ ይልጣል፣ ሌላው ሎሚ ይቀባል፤ ሌላው ደግሞ ውሃ ሲነካው ስለሚያቃጥለው ውዱእ ይከብደውና ሶላቱን ያዘገያል። ስለዚህ ዛሬ ሕክምናውንና የውዱኡን ነገር አብረን እናያለን።

መንስኤው

የደጋ ንፋስ ቆዳን ያደርቃል፤ ዋናዋ አቃጣይ ግን ፀሐይ ናት። ቆዳን የሚጎዳው ሙቀቷ ሳይሆን በዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረሯ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የመንዝ ጓሳ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ መቃጠላችንን የምናውቀው ማታ ፊታችን ሲለበልበን ነው። ጥቁር ቆዳ የተሻለ መከላከያ አለው፤ አይቃጠልም ማለት ግን አይደለም። መላጡም ሰውነት የተጎዳውን ቆዳ ጥሎ አዲሱን የሚያወጣበት መንገድ ነው።

ሕክምናው

1. ቅርፊቱን አንላጥ፣ አንፈግፍግ። በራሱ ጊዜ ይወድቃል። ያለጊዜው ከተላጠ ቁስል ይሆናል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል።
2. በመጀመሪያው ቀን በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል ፊት ላይ እናድርግ። በረዶ አይደረግም።
3. የቃጠሎው ትኩሳት ካለፈ በኋላ ፊት እርጥብ እያለ ሽታ የሌለው ቅባት ወይም ቫዝሊን በስሱ እንቀባ።
4. ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙናና የፊት ማቅያ ክሬም አይነካው።
5. ውሃ በብዛት እንጠጣ። ሕመሙ ከበረታ ፓራሲታሞል ይረዳል።

ብዙ ውሃ የቋጠረ፣ መግል የያዘ፣ ትኩሳት ያስከተለ ወይም ዓይንን ያሳበጠ ከሆነ ግን ሳንውል ሳናድር ወደ ክሊኒክ እንሂድ።

የውዱኡ ነገር

ፊትን አንድ ጊዜ በውሃ ማዳረስ ግዴታ ነው፤ ሦስት ጊዜ ማጠብ ሱና ነው። ስለዚህ የሚያመው ሰው አንድ ጊዜ በእርጋታ ቢያዳርስ ይበቃዋል። ያልወደቀውን ቅርፊት ለውዱእ ብሎ መላጥ አያስፈልግም፤ በላዩ ማጠብ ይበቃል። ውሃ የሚከለክል ወፍራም ቅባት ካለ ግን አስቀድሞ ይጠረጋል። ቅባቱን ከውዱእ በኋላ መቀባት ለዲኑም ለቆዳውም ይመቻል፤ ፊታችን ያኔ እርጥብ ነውና።

ውሃው በእርግጥ የሚጎዳው ሰውስ? በሱረቱል ማኢዳ 6ኛው አንቀጽ ላይ ለታመመ ሰው ተየሙም ተፈቅዷል። የቆሰለውን ቦታ ስለ ማበስና ስለ ተየሙም በመዝሀቦች መካከል የዝርዝር ልዩነት ስላለ ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ። አቡ ዳውድ ከጃቢር በዘገቡት ሐዲስ፣ በጉዞ ላይ ራሱን የቆሰለ ሰው ጓደኞቹን ቢጠይቅ «ፈቃድ የለህም» አሉት፤ ታጠበና ሞተ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሳያውቁ ፈትዋ የሰጡትን አጥብቀው ወቀሱ። ስለዚህ ሳናውቅ በራሳችንም በጓደኛችንም ላይ አናክብድ፤ በቃጠሎ ምክንያትም ሶላት አንተው።

ለቀጣዩ ጉዞ

ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጨረሩ ይበረታል። ሰፊ ባርኔጣ ወይም ሻሽ እንያዝ። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ያለን ቁጥሩ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነውን በየሁለት ሰዓቱ እንቀባ። ሰማዩ ቢደምንም አንዘናጋ፤ ጨረሩ በደመና ውስጥ ያልፋል።

ሰውነታችን ከአላህ የተሰጠን አማና ነው። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን፤ አሚን።