የሚጥል በሽታና የቃል ሒሳብ
ለመምህራንና ለወላጆች የተዘጋጀ ትምህርት

በልደታ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ መምህሩ አንድን ተማሪ፥ «ከ43 ላይ 17 ቢነሣ ስንት ይቀራል?» ብለው በቃል ጠየቁት እንበል። ልጁ ማስላት እንደ ጀመረ በድንገት ዝም አለ፤ ዐይኑም ፈዘዘ። ከጥቂት ሰኮንድ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ቀና ብሎ ጥያቄው እንዲደገምለት ለመነ። ጓደኞቹ ሳቁበት፤ መምህሩም «ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው» ብለው ሊቀጡት ተነሡ። እንዲህ ያለው ልጅ ሕመምተኛ ሊሆን እንደሚችል በዚህ ወር ትምህርታችን እንገልጻለን።

የሰው አንጎል ሥራውን የሚፈጽመው እጅግ ደካማ በሆነ የኤሌክትሪክ ኀይል ነው። ሐንስ ቤርገር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ይህን ኀይል ከራስ ቅል ላይ በመሣሪያ ቀርጾ፥ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. ለዓለም አስታወቀ። ዐይኑን ጨፍኖ ባረፈ ጐልማሳ ላይ ሞገዱ በሰኮንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ ይመላለሳል፤ በሕፃናት ዘንድ ግን ዝግ ይላል። ሰውየው ዐይኑን ሲገልጥ ወይም በሐሳቡ ሒሳብ ሲያሰላ ይህ የዕረፍት ሞገድ ይቀንሳል፤ ይኸውም አንጎል ወደ ሥራ መመለሱን ያመለክታል።

በሚጥል በሽታ ጊዜ ግን የአንጎል ሕዋሳት ያለ ልክ በአንድነት ይነሣሉ። ልጁን ሳይጥል በሚያፈዝዘው ዐይነት፥ ሞገዱ በሰኮንድ 3 ጊዜ ያህል ይመታል። ይህም በቀን ብዙ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። በቃል የሚያሰላ ልጅ ቁጥሮቹን ሁሉ በሐሳቡ ስለሚይዝ፥ ሐሳቡ ለአፍታ ቢቋረጥ የያዘው ይጠፋበታል፤ በወረቀት የጻፈው ግን ይጠብቀዋል።

በሽታው ያለባቸው ልጆች ሁሉ አንድ ዐይነት አይደሉም። ብዙዎቹ እንደ እኩዮቻቸው ያሰላሉ። ሌሎቹ ደግሞ በሕመሙ፥ በእንቅልፍ ማጣት፥ ከትምህርት በመቅረት፥ ወይም እንደ ፌኖባርቢታል ባለ የሚያደነዝዝ መድኀኒት ምክንያት ይዘገያሉ። ስለዚህ መዘግየታቸውን ብቻ አይቶ «አእምሮ የለውም» ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አጥንተው፥ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. እንዳሳተሙት፥ ከ1000 ሰዎች 5ቱ ያህል ይህ በሽታ ነበረባቸው። እንግዲህ ብዙ ተማሪዎች ባሉበት ትምህርት ቤት ሁሉ ጥቂት ሕመምተኞች እንደሚኖሩ ማሰብ ይገባል። ስለዚህም የሚከተለውን እንመክራለን፤

1ኛ፥ ልጁ መፍዘዙን ከደጋገመ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ ለወላጆቹ ማስታወቅ፤ ወላጆቹም ጽሑፉን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

2ኛ፥ ጥያቄውን ደግሞ መጠየቅና በወረቀት እንዲያሰላ መፍቀድ።

3ኛ፥ ወድቆ ቢንፈራገጥ ከእሳትና ከድንጋይ ማራቅ፥ ከራሱ ሥር ልብስ ማድረግ፥ መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኑ ማስተኛት። በአፉ ምንም አይጨመር፤ ክብሪትም አይታጠንበት። በሽታው በመንካት ስለማይተላለፍ እርሱን ለመርዳት አንፍራ። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው።

4ኛ፥ ሐኪም ያዘዘውን መድኀኒት፥ ልጁ ደኅና ቢመስልም፥ በራስ ፈቃድ አለማቋረጥ።

ያ ልጅ ጥያቄው በትዕግሥት ቢደገምለት «26» ብሎ ይመልስ ይሆናል።