ሌዘር ግድግዳ ላይ የሚስለው እንዴት ነው?

የሌዘር ትርኢትን የሚፈጥረው ምንድን ነው?

ሌዘር አንድ ዓይነት ቀለም ያለው፣ ብዙም ሳይበተን በቀጭኑ የሚጓዝ ብርሃን ነው። የመጀመሪያውን ሌዘር አሜሪካዊው ቴዎዶር ሜይማን በ1960 (እ.ኤ.አ.) ከሩቢ ማዕድን አመነጨ። ጨረሩ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ የሚታየው አንዲት ነጥብ ብቻ ናት፤ የሌዘር ማሳያ (ፕሮጀክተር) ሥራም ይህችን ነጥብ በሚንቀሳቀስ መስታወት በፍጥነት ማመላለስ ነው።

ዓይን ያየውን ለቅጽበት ይዞ ይቆያል። በመሆኑም አንዱን መንገድ በሰከንድ 20 ጊዜ ያህል የምትመላለስ ነጥብ ያልተቋረጠ መስመር መስላ ትታያለች። ሥዕሉን የሚሠራው የብርሃኑ ጉልበት ሳይሆን የመስታወት እንቅስቃሴ ነው። ብዙ ጀማሪ ገንዘቡን አስቀድሞ ኃይለኛ ሌዘር ላይ የሚያጠፋው ይህን ባለማጤን ነው።

በምን ይጀመራል?

ለመጀመሪያው ሥራ ሁለት ትንንሽ ሞተሮች፣ ሁለት ቁራጭ መስታወቶችና ደካማ ሌዘር ይበቃሉ። ወላይታ ሶዶን በመሰለ ከተማ የኮምፒውተር ጥገና ባለበት ሁሉ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ፣ ለሞተርነት የሚያገለግል ባለ 12 ቮልት ማራገቢያ (ፋን) ማግኘት አያስቸግርም። በደቂቃ 1200 ጊዜ የሚዞር ማራገቢያ በሰከንድ 20 ጊዜ ይዞራል፤ ይህም ለዓይን በቂ ነው። የግድግዳው 220 ቮልት ወደ ሥራው እንዳይገባ ማራገቢያዎቹ በአዳፕተር ወይም በባትሪ ይሠራሉ።

መስታወቱ በማራገቢያው እምብርት ላይ 1 ዲግሪ ያህል ዘንበል ተደርጎ ይጣበቃል። መስታወት በ1 ዲግሪ ሲያጋድል የሚመለሰው ጨረር በ2 ዲግሪ ስለሚዛወር፣ 3 ሜትር ርቆ ባለ ግድግዳ ላይ 21 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ይወጣል። ክቡ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው መስታወት ሲላክ ሁለቱ ዙሮች ተደራርበው አበባ መሰል ቅርጽ ይሠራሉ። የአንዱ ሞተር ፍጥነት የሌላው ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ሲሆን ቅርጹ ይረጋል፤ ጥቂት ሲያዛንፍ ቀስ እያለ ይዞራል። ፈረንሳዊው ጁል ሊሳዡ በ1857 (እ.ኤ.አ.) ከሚርገበገቡ ብረቶች ጋር ባያያዛቸው መስታወቶች ብርሃንን ያስጨፈረው በተቀራራቢ መንገድ ነበር።

ተራ መስታወት ከፊቱም ከጀርባውም ስለሚያንጸባርቅ ከዋናው መስመር አጠገብ ደብዛዛ ሁለተኛ መስመር ይፈጥራል። ከተጣለ ሃርድ ዲስክ የሚወጣው አንጸባራቂ ሳህን ይህ ጉድለት የለበትም።

ፊደልና ጥለት እንዴት ይሳላል?

ለዚህ ጋልቫኖሜትር ያስፈልጋል፤ መስታወቱን ከማዞር ይልቅ በኤሌክትሪክ ትእዛዝ ወደ ተፈለገው ማዕዘን የሚያጋድል ሞተር ነው። አንዱ ለአግድም፣ ሌላው ለቁም ይሠራል። በሰከንድ 30,000 ነጥብ የሚያስኬድ ጥንድ፣ 1500 ነጥብ ያለውን ሥዕል በሰከንድ 20 ጊዜ ይደግመዋል።

ቀለም ሌላ ጉዳይ ነው። ለወላይታ የዘመን መለወጫ በዓል ለጊፋታ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሆነውን የዱንጉዛ (የወላይታ ባህላዊ ልብስ) ጥለት ግድግዳ ላይ ማሳየት ቢፈለግ፣ ቀዩ ከቀይ ሌዘር በቀጥታ ይገኛል፤ ቢጫው ቀይና አረንጓዴ ጨረር አንድ ነጥብ ላይ ሲገናኙ ይፈጠራል። ጥቁሩን ግን የሚስል ብርሃን የለም፤ ጨረሩ በዚያ ስፍራ ሲያልፍ ለቅጽበት ይጠፋል። ለዚህም ነው ጨለማ ክፍል ከጠንካራ ሌዘር ይልቅ ለጥለቱ የሚጠቅመው። በአየር ላይ ያለው ጨረር እንዲታይ ደግሞ ጭስ ያስፈልጋል፤ ለትንሽ ክፍል የቡና ሥርዓት ዕጣን ይበቃል።

ጥንቃቄው ምን ላይ ነው?

የዓይን ሌንስ ጨረሩን ሬቲና (ምስል ተቀባዩ የዓይን ክፍል) ላይ ወደ ጠባብ ነጥብ ይሰበስበዋል። እስከ 1 ሚሊዋት የሆነ የሚታይ ጨረር በሁለተኛ የደኅንነት ደረጃ ይመደባል፤ ድንገት ቢነካ ዓይን በሩብ ሰከንድ ውስጥ ራሱን ጨፍኖ ያመልጣል። ከ500 ሚሊዋት በላይ ያለው አራተኛ ደረጃ ግን ዓይን ከመጨፈኑ በፊት ይጎዳል፣ ቆዳም ያቃጥላል። ርካሽ አረንጓዴ ሌዘሮች ከሚታየው ጋር የማይታይ ኢንፍራሬድ ጨረር ሊያፈሱም ይችላሉ።

መሣሪያው በሣጥን ተዘግቶ፣ ጨረሩ ከቆመ ሰው ራስ በላይ አልፎ ግድግዳ ላይ እንዲያበቃ ይደረጋል። የአብራሪን ዓይን ሊያጭበረብር ስለሚችል ወደ ሰማይ አይለቀቅም፤ በመስኮት ከሶዶ አጠገብ ወዳለው ዳሞታ ተራራ መላክም እንዲሁ ክልክል መሆን ይገባዋል። በሌዘር ላይ የተለጠፈ የኃይል ቁጥር ብዙ ጊዜ እውነቱን ስለማይናገር፣ ኃይሉ በመሣሪያ ያልተለካ ሌዘር ተመልካች ባለበት ክፍል ሊበራ አይገባም።