የአጥር ቋሚ እንዳይበሰብስ በቡርሽ የሚቀባ መድኃኒት አጠቃቀም

የሐበሻ ጥድ ልቡ ያለ መድኃኒት ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ዛሬ በየማኅበሩ የሚገኘው ቋሚ ግን በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ይህም ከሁሉ አስቀድሞ የሚበሰብሰው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ እርጥበትና አየር አንድ ላይ ስለሚያገኝ እንጨት የሚበላው ፈንገስ ይመቸዋል። የእርጥበቱ መጠን ከ20 በመቶ በታች በሆነ እንጨት ላይ ግን ፈንገስ አይነሣም። ስለዚህ ሥራው ከማድረቅ ይጀምራል።

እንጨቱ እንደተቆረጠ ልጡ ይላጥ። ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ተደርድሮ የበጋውን ወራት ይቆይ። እርጥብ እንጨት መድኃኒት አይጠጣም።

መጥረቡና መብሳቱ ሁሉ ከመቀባቱ በፊት ይለቅ። በቡርሽ የተቀባ መድኃኒት የሚዘልቀው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ኋላ የሚያርፍ አንድ የመጥረቢያ ምት ለብስባሴ በር ይከፍታል። ክሪዮሶት ሲቀባ የፊተኛው ከጠጣ በኋላ ሁለተኛ፣ ቢቻል ሦስተኛ ጊዜ ይደገም። የተቆረጡት ጫፎች ይበልጥ ስለሚጠጡ አይቆጠብባቸው።

ለአጥር አግዳሚ ቡርሽ ይበቃል። መሬት ለሚገባ እግር ግን አይበቃም እንላለን፤ ማኅበሩ በርሜል አዘጋጅቶ፣ ከአፈሩ በላይ 20 ሳንቲ ሜትር እስከሚሆነው ድረስ ለጥቂት ቀናት ቢነክረው ይሻላል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ርካሽ ቢሆንም አስተማማኝ መከላከያ አይደለም፤ አፈርም ያበላሻል።

ሠራተኛው ጓንት ያድርግ። የተቀባ እንጨት እህል፣ መኖና የንብ ቀፎ በሚነካበት ቦታ አይዋል። ከሁሉ የምንፈራው አሮጌው ቋሚ ሲነቀል ወደ ምድጃ መግባቱን ነው፤ ጭሱ መርዛማ ነውና የልማት ሠራተኛው ቤት ለቤት እየዞረ ያስረዳ።