ካንዴላ በራስዎ እጅ ከመቀየርዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ አቅም ያጥረዋል፣ ቤንዚን መብላትም አብዝቷል። አንድ ወዳጅዎ «ካንዴላ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ጋራዥ ምን ያስኬዳል?» ብሎዎታል። ከእውነት የራቀ አይደለም፤ በብዙ ባለአራት ሲሊንደር መኪኖች ሥራው ከባድ የሚባል አይደለም። ነገር ግን ርካሹን ካንዴላ ሲፈቱና ሲያስሩ የሚነኩት ውዱን ቴስታታ ነው። ቴስታታው ደግሞ በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ የካንዴላው ጥርስ አንዴ ከተበላ ጉዳዩ ቶርኖ ቤት ይደርሳል። ዕቃውን የሚሸጥልዎ ሰው ይህን አይነግርዎትም። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለዎትን መኪና ለብዙ ዓመት መያዝዎ አይቀርም፤ ስለዚህ ሞተሩን ይሳሱለት።

ጥፋቱ በእርግጥ የካንዴላ ነው?

• መኪናዎ ቤንዚን ነው ወይስ ናፍጣ? የናፍጣ ሞተር በብልጭታ አይነሳም። በናፍጣ መኪና ላይ ካንዴላ እየተባለ የሚጠራው ሲሊንደሩን የሚያሞቅ ሌላ ዕቃ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ለእሱ አይሠራም።

• መጨረሻ የተቀየረው መቼ ነው? ተራው የኒኬል ካንዴላ ከ30,000 እስከ 50,000 ኪሎ ሜትር ያገለግላል። ፕላቲኒየምና ረጅም ዕድሜ ያለው ኢሪዲየም 100,000 አካባቢ ይደርሳሉ። ያገለገለ መኪና ከገዙ ግን የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብቻ አይመኑ፤ ወደ ኋላ የተመለሰ ቆጣሪ ብርቅ አይደለም። አንዱን ካንዴላ አውጥቶ ማየት ይሻላል።

• ኮይሉስ ተፈትሿል? በየካንዴላው ላይ የራሱ ኮይል ያለው ሞተር ከሆነ የሚንቀጠቀጠው በአንዱ ኮይል ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሞተሩን አጥፍተው የተጠረጠረውን ኮይል ከጎረቤቱ ጋር ያቀያይሩ፤ ከዚያ በስካነር ያስነብቡ። ጥፋቱ ከ1ኛው ሲሊንደር ወደ 2ኛው ከተዛወረ የሞተው ኮይሉ ነው፤ አዲስ ካንዴላ አያድነውም። ይህን ሳያደርግ «ሁሉንም ኮይል ከነካንዴላው ቀይሩ» የሚል ካለ ይጠንቀቁት።

• የአየር ፊልትሮውን አይተዋል? አቧራ የሞላው ፊልትሮም ቤንዚን ያስበላል፤ ለማየት ደግሞ ምንም አያስወጣም።

• ካንዴላው በሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ ዘይት አለ? ካለ ከላይ ያለው የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን አልቋል ማለት ነው። መጀመሪያ እሱ ይሠራ፤ አለበለዚያ አዲሱም ኮይልና ካንዴላ ዘይት ውስጥ ይቀመጣሉ።

ሱቅ ሲገቡ

• ቁጥሩን በወረቀት ይዘዋል? «የቪትዝ ካንዴላ ስጠኝ» ማለት አይበቃም። ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝ ራሱ እንደ ሞዴሉ ባለሦስትም ባለአራትም ሲሊንደር ሊሆን ይችላል። ባለ 1.3 ሊትር ሆንዳ ፊት ደግሞ በአንዳንድ ሞዴሉ በአንድ ሲሊንደር ሁለት፣ በድምሩ ስምንት ካንዴላ አለው። ኮፈኑን ከፍተው ይቁጠሩ፤ ሙሉ ቁጥሩን ከመኪናው መጽሐፍ ይገልብጡ። ከአሮጌው ካንዴላ ላይ መገልበጥም ይቻላል፣ ግን ከእርስዎ በፊት የነበረው ባለቤት ያልሆነ ካንዴላ አስገብቶበት ከሆነ ስህተቱን ይወርሳሉ።

• «ይሄም ያው ነው» ሲባሉ ምኑ ያው እንደሆነ ይጠይቁ። በዴንሶና በኤንጂኬ ምርቶች የሙቀት ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ሙቀትን ቶሎ የሚያስወጣ፣ ማለትም ቀዝቃዛ ይሆናል። በቦሽ ግን ተቃራኒ ነው። የዴንሶ 16 ከኤንጂኬ 5 ጋር፣ የዴንሶ 20 ከኤንጂኬ 6 ጋር ይመጣጠናል። ከሚገባው በላይ ሞቃት የሆነ ካንዴላ ፒስተን እስከ መጉዳት ይደርሳል፤ በጣም ቀዝቃዛው ጥላሸት ይዞ ብልጭታው ይደክማል።

• የጥርሱ ርዝመት ከአሮጌው ጋር እኩል ነው? ጎን ለጎን አቁመው ያስተያዩ። 19 ሚሊ ሜትርም 26.5 ሚሊ ሜትርም አለ፤ ሁለቱም ቀዳዳው ላይ ሊገጥሙ ይችላሉ። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ፒስተኑ ሊመታው ይችላል። «ገጠመ» ማለት «ትክክል ነው» ማለት አይደለም።

• ኢሪዲየም ሁሉ አንድ ነው? አይደለም። አንዳንዱ ጫፉ እጅግ ቀጭን ሆኖ ለጥሩ ብልጭታ የተሠራ ነው፣ ዕድሜው ግን ከረጅም ዕድሜው ዓይነት በጣም ያንሳል። «ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያዩት። «ጉልበት ይጨምራል» ለሚለው ደግሞ አይክፈሉ። ጤነኛ ሞተር ላይ ትክክለኛው ካንዴላ የሚመልሰው የነበረውን ጉልበት ነው።

• ኦሪጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ? እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። መርካቶም ሆነ ሶማሌ ተራ ሳጥኑ የታወቀ ስም መያዙ ማስረጃ አይሆንም። ካንዴላውን ከሳጥኑ አውጥተው በብርሃን ይዩት፦ በነጩ ሸክላ ላይ ያለው ጽሑፍ ደብዝዟል ወይስ ጥርት ያለ ነው? የመሐሉ ጫፍ ከላይ ካለው ጎባጣ ብረት ጋር በትክክል ትይዩ ነው? ጥርሱ ጣትዎን ይቧጥጣል? ሮንዴላው በቀላሉ ተንሸራቶ ይወጣል? ኢሪዲየም ተብሎ ጫፉ እንደ ተራው ወፍራም ነው? ከአራቱ አንዱ እንኳ ከሌሎቹ ከተለየ ሁሉንም ይመልሱ።

• አሸዋ ተነፍቶበት የጸዳ አሮጌ ካንዴላስ ቢሆን? የመሐለኛው ጫፍ ጠርዝ ስለታም ሳይሆን የተድቦለቦለ ከሆነ፣ ሮንዴላውም ከተጨፈለቀ፣ ሌላ ሞተር ላይ ሠርቷል ማለት ነው።

• ደረሰኙ ላይ ምን ተጽፏል? «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ከሆነ ሳይገጥም ቢቀር እንደሚቀይሩልዎ ከመክፈልዎ በፊት ተነጋግረው ይስማሙ። ዋጋውንም ከሁለት ሦስት ሱቅ ይጠይቁ። የውጭ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ወዳጅዎ የሚያስታውሰው የድሮ ዋጋ መለኪያ አይሆንዎትም።

ቁልፍ ከማንሳትዎ በፊት

• ሁሉም ካንዴላ ከላይ ይደረሳል? ባለስድስት ሲሊንደር ቪ ሞተር ላይ የኋለኞቹ ሦስቱ ብዙ ጊዜ በአየር ማስገቢያው ሥር ተቀብረዋል። እሱን ማውረድ አዲስ ጓርኒሲዮን ይጠይቃል። እንዲህ ከሆነ ለባለሙያ ይተዉት፤ ይህ የአቅም ማነስ አይደለም።

• መሣሪያው ስንት ያስወጣል? የሚያስፈልግዎ ውስጡ ጎማ ወይም ማግኔት ያለው የካንዴላ ቡሶላ (አብዛኛውን ጊዜ 16 ወይም 21 ቁጥር)፣ ማራዘሚያና የማጥበቂያ ኃይልን የሚለካ ቶርክ መፍቻ ነው። የዚህን ድምር ከጋራዥ የእጅ ዋጋ ጋር ያወዳድሩ። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ አራት ካንዴላ ለመቀየር ከሆነ ቶርክ መፍቻውን መዋስ ይሻላል።

• ሞተሩ በርዷል? በትኩስ አሉሚኒየም ላይ ካንዴላ መፍታት ጥርስ ያስበላል። ሲቻል ጠዋት ሳይነሳ ይሥሩት።

• አቧራው ጸድቷል? ኮይሉን እንዳነሱ፣ ካንዴላውን ሳይነኩ፣ ጉድጓዱን በአየር ይንፉ፤ የጎማ መንፊያ ፓምፕ ይበቃል። ዓይንዎን ይሸፍኑ። የኛ አገር መንገድ አቧራ ጉድጓዱ ውስጥ ከተኛ፣ ካንዴላው ሲወጣ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይወርዳል።

• የኮይሉ ሶኬት መቆለፊያ ደርቋል? ያረጀ ፕላስቲክ ሲጎትቱት ይሰበራል። ሽቦውን ሳይሆን ሶኬቱን ይያዙ፣ መቆለፊያውን ተጭነው ያውጡ። ባለ ሽቦ አሮጌ ሞተር ከሆነ አንድ በአንድ ይቀይሩ፤ ሽቦዎቹ ከተቀያየሩ መኪናው አይነሳም፣ ወይም እየተተኮሰ ይነሳል።

ጥርሱ ላይ

• ሲፈታ እንቢ አለ? አያስገድዱት። ትንሽ ወደ ኋላ ትንሽ ወደ ፊት እያሉ ያለስልሱት፤ ማላቀቂያ ዘይት ጠብ አድርገው ይቆዩ። እየጠበቀ ከሄደ ያቁሙና ባለሙያ ይጥሩ። እዚህ ላይ ማቆም የቻለ ሰው ቴስታታውን አድኗል።

• ሲገባስ? መጀመሪያ መፍቻ አያስነኩት። ካንዴላውን በቀጭን የጎማ ቱቦ ጫፍ ላይ ሰክተው በጣት ያሽከርክሩት። ጥርሱ ከተጣመመ ቱቦው ይንሸራተታል እንጂ አያስገድድም። እስከ መጨረሻው በጣት ካልገባ አውጥተው እንደገና ይጀምሩ።

• ምን ያህል ይጠብቅ? ሮንዴላ ላለው ባለ 14 ሚሊ ሜትር ካንዴላ በአሉሚኒየም ቴስታታ ላይ ኤንጂኬ የሚሰጠው መጠን ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ነው። የመኪናዎ መጽሐፍ ያነሰ ቁጥር ከሰጠ መጽሐፉን ይከተሉ። ቶርክ መፍቻ ከሌለ፦ በጣት እስኪቆም፣ ከዚያ አዲስ ከሆነ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር። ሮንዴላ የሌለው፣ ሥሩ ሾጣጣ የሆነው ዓይነት ግን ከአንድ አሥራ ስድስተኛ ዙር አያልፍም። የላላ ካንዴላ ሙቀቱን ማስወጣት አቅቶት ይቃጠላል፤ ከልክ በላይ የጠበቀው ደግሞ ጥርስ ይበላል ወይም ወገቡ ላይ ይቆረጣል።

• ግራሶ ወይም ማለስለሻ ቅባ የሚል ምክር ሰምተዋል? በፋብሪካ የተለበጠ ጥርስ አያስፈልገውም። ቅባቱ መፍቻዎን ያሳስተዋል፤ ሳይታወቅዎ ከልክ በላይ ያጠብቃሉ።

• ክፍተቱን ላስተካክል ይላሉ? በብዙ የዴንሶና የኤንጂኬ ቁጥሮች መጨረሻ ላይ ያለው 11 ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይናገራል። ኢሪዲየም ላይ ጠፍጣፋ ብረት ሰክቶ መፈልቀቅ ቀጭኑን ጫፍ ይሰብራል። ልክ ካልሆነ ለሱቁ ይመልሱት።

• ከእጅዎ ወደቀ? ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ካንዴላ ሸክላው በማይታይ ስንጥቅ ሊጎዳ ይችላል። አይግጠሙት።

አሮጌዎቹን ሳይጥሉ

• በሲሊንደር ቅደም ተከተል ደርድረው ይዩአቸው። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ጤና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን እንደበዛ ወይም አየር እንዳነሰ ያሳያል። በዘይት የረጠበ ከሆነ የፒስተን ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎማ ይጠርጥሩ። ነጭ ሆኖ የተንጨረጨረ ከሆነ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይሞቃል። አንዱ ብቻ ከተለየ ያንን ሲሊንደር ያስመርምሩ።

• መካኒክ ከሠራልዎም አሮጌዎቹን ይጠይቁ፤ አዲሱ ሳጥን ፊትዎ ይከፈት። የእጅ ዋጋውን ከመጀመሩ በፊት ይቁረጡ፤ ኮይል ወይም ጓርኒሲዮን የሚጨመር ከሆነ ሳይገዛ በፊት እንዲደውልልዎ ይንገሩት።

• ከተቀየረ በኋላ የሞተር ምልክቱ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ አይንዱ። ያልተቃጠለ ቤንዚን ማርሚታው መስመር ላይ ያለውን ካታሊስት እያቃጠለ ነው፤ እሱ ደግሞ ከካንዴላ ጋር የማይወዳደር ዋጋ አለው። ሞተሩን አጥፍተው መጀመሪያ የኮይሎቹን ሶኬት አንድ በአንድ ተጭነው ይዩ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ እስከ ቦታው ሳይገባ ይቀራል።